አያቴ የማን ባለቤት ነበሩ?

ለክቡር የነባር ቤቶች መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ የጠለቀ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። በማተሚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩ፣ የልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። የሹመት ብዛት አስረስቶዎት እንደሆነ፣ ተማሪ ሳሉ በጓሯችን ክፍል ሦስት ዓመት ሲኖሩ ሸሚዝዎን ስተኩስልዎት የነበርኩት እኔ ነኝ።

ዓምና ጽሕፈት ቤትዎ «የቤትዎን ታሪክ ይዘው ይምጡ፤ አብረን እንጠብቀዋለን» የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው ሲለጥፍ፣ ያመንኩት ሞኝ እኔ ነበርኩ። ሦስት ወር ሙሉ ከመዝገብ አቧራ ጋር ስታገል ከርሜ፣ ቤታችንን አንድ ድንጋይ ጠራቢ እንደ ሠራው፣ እሱም ለአንድ ሰዓት ሠሪ እንደ ሸጠው፣ ከሰዓት ሠሪው ደግሞ አዋላጅ የነበሩት አያቴ ገና ሳያገቡ እንደ ገዙት ደረስኩበት። ባላቸው አናጺው የመጡት ከዓመት በኋላ ነው፤ የተጣመመ በር ሊያቃኑ ገብተው በዚያው ቀሩ። ዋናውን የግዢ ሰነድ በእጅዎ ስሰጥዎት፣ አያቴን አስታውሰው እማማ ባይኖሩ እኔ የት እደርስ ነበር ብለው ዓይንዎ እንባ አቀረረ፤ እኔም አብሬዎት አለቀስኩ። የእኔው እንኳ የእውነት ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ላቅርብ።

፩. ዋናው ሰነድ ከመሳቢያዎ ስለ ጠፋ አመሰግናለሁ። አሁን የቀረን የመዝገቡ አንድ መስመር ነው፤ እሱም የአያቴን ስም ጽፎ ከጎኑ «ባለቤት» ይላል።

፪. ይህችን አንዲት ቃል ስለ ፈቱልኝም አብልጬ አመሰግናለሁ። በውሳኔዎ እንዳስረዱኝ፣ አያቴ «ባለቤት» የተባሉት የአናጺው ሚስት ስለሆኑ እንጂ ቤቱ የእሳቸው ሆኖ አይደለም፤ አናጺው ደግሞ በመዝገቡ ስለሌሉ ቤቱ ባለቤት የለውም። ፀጉሬ የሸበተው ቃል ሳርም ነው፤ በገዛ ገንዘቧ ቤት የገዛች ሴት በአንድ ቃል ተድራ ቤቷን ስትነጠቅ ግን ያየሁት ዘንድሮ ነው።

፫. ሰባ ስምንት ዓመት የሞላት እናቴ ከተወለደችበት ቤት እንድትወጣ ሠላሳ ቀን ስለ ሰጧት ቸርነትዎ አይረሳም። ደብዳቤውን ሳነብላት ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን ሸፈን አድርጋ፣ ልጃችን እኮ ነው፣ ሳያነበው ፈርሞ ነው የሚሆነው አለችኝ። እኔ ግን እንዳነበቡት አውቃለሁ፤ በሁለተኛው መስመር የተሳሳተውን ነጠላ ሰረዝ በእጅዎ አርመውታልና።

ክቡር ሆይ፤ በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። የተነጠቅንበትን ወረቀት አቧራ ለአቧራ ቆፍሬ አውጥቼ፣ ጠርጌና አቅፌ ያመጣሁልዎት እኔው ነኝ፤ ሌት ተቀን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ከውሻ ጋር ላወዳድርዎት ግን አልደፍርም፣ ውሻው ይቀየመኛል። ከድተውናል።

ሹመትዎ እንዲረዝም፣ እጅዎም ከመፈረም እንዳይቦዝን እየጸለይኩ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ባለቤት በሌለው ቤት የምትኖረው የአዋላጇ የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፤ እንደማይመለከተው ለሚያስመስለውም ጭምር

ማስታወሻ፦ ሰነድ ሳስስ ከመዝገብ ቤት ቅጂውን ያስወጣሁት ሌላ አንድ ወረቀት ነበር፤ እርስዎን እንጂ ቤቱን የሚመለከት ስላልመሰለኝ እኔው ጋ ቀርቷል። ሥራ ለመቀጠር የነዋሪነት መታወቂያ ሲያስፈልግዎት አያቴ የሰጡልዎት የምስክርነት ቃል ነው። «ይህ ተማሪ በቤቴ ይኖራል» ይላል፤ ከስማቸው ጎን «ባለቤት» ተብሎ ተጽፎ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም አርፎበታል። ያን ጊዜ አናጺው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር። አያቴ ያኔ የማን ሚስት ሆነው እንደ ፈረሙልዎት፣ ቤቱም ባለቤት ካልነበረው እርስዎ የማን ቤት ነዋሪ ተብለው መታወቂያ እንዳወጡ፣ ሠላሳው ቀን ሳያልቅ ቢያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እናቴ አሁንም ሳያነበው ነው እያለች ስለምትሟገትልዎት፣ ይህን እንኳ እባክዎ አንብበው ይፈርሙበት።