በኔ በኩል ያለው ፍሬን

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ልብስ ሰፊዋን ተማሪዬን ለመንዳት ልምምድ ይዤ ወጣሁ። ጎብዛለች። ማርሽ ስትቀይር አይሰማም፣ መሪውንም እንደ መጀመሪያው ሰሞን አንቃ አትይዝም። ሐሙስ ለፈተና ትቀርባለች። ታልፋለች፣ ቅንጣት አልጠራጠርም።

ለልጄ ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ አነሳችው። «አባዬ፣ ከክፍል አስወጣኸኝ እኮ። በሕይወት አለሁ፣ በቃ?» ብላ ዘጋችው። መቀለዷ ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ነው በደንብ የተነፈስኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ወደቀች!

ፈተናው በምንለማመድበት ሜዳ ነበር። መታጠፊያው ላይ ቀዩ በርሜል ፊት ለፊቷ ተገትሮ እያለ ዝም ብላ ሄዳ ገጨችው። ፈታኙ «ምነው ፍሬን አትይዢም?» ቢላት፣ «እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ መኪናው ራሱ ይቆማል» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

መኪና ራሱ አይቆምም። የማሠልጠኛ መኪና በአሠልጣኙም በኩል ፍሬን አለው። የምረግጠው እኔ ነኝ ማለት ነው። መቼ? ሳላውቀው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አለቃዬ ጠራኝ። ሌሎቹንም ተማሪዎቼን ጠይቋል። «እሱ ጋ መንዳት ቀላል ነው፣ ፍሬን ብዙም አያስፈልግም» ይላሉ አሉ። «ሐዘንህን አውቃለሁ። ግን ፍሬን ያልለመደ ሰው መንገድ ላይ ልንለቅ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጤና ጣቢያ ያለችውን አማካሪ እንዳነጋግር አዘዘኝ። እስከዚያ መኪና የለም፤ ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት ማስተማር ብቻ።

ወንዱ ልጄ በመኪና አደጋ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ተሳፋሪ ነበር። ከሹፌሩ ጎን ነበር የተቀመጠው... በሱ በኩል ፍሬን አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

አማካሪዋ በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው። ገና ከመቀመጤ፣ «ጋሼ፣ አሁን እግርዎ የት ነው?» አለችኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ዝቅ ብዬ ሳይ ቀኝ እግሬ ወለሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦታል። ወንበር ላይ ተቀምጬ!

ጠዋት ጠዋት እንድቀመጥ ነገረችኝ። ትንፋሽን መከተል። ውስጥ እግር ወለሉን ሲነካ ልብ ማለት። ሐሳብ ይዞኝ ሲሄድ «ሄድኩ» ብሎ መመለስ፣ ራስን ሳይቆጡ። «በቃ? ኪኒን የለውም?» አልኳት። ሳቀች። «ቀልብዎ እዚያ መኪና ውስጥ ቀርቷል ጋሼ። ቀስ ብለን እናወጣዋለን» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ተቀመጥኩ። ትንፋሽ... ጎረቤት በሩን ድርግም አደረገው። ልጄ አሁን መንገዱን ተሻግራ ይሆን?... ሄድኩ። ተመለስኩ። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ስልኬን የት አደረግኩት?... ሄድኩ። ሥራ ፈት ነው ይሄን የፈጠረው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ከልጄ ጋር ተጣላን። ጓደኛዬ ቤት ላጥና ብትለኝ፣ «በማን መኪና? ቀበቶ አለው?» አልኳት። «በእግሬ ነው የምሄደው!» አለች። «በእግር የሚሄደውም ይገጫል» አልኳት። አይ ምላሴ...

ፊቷ ተለዋወጠ። «አባዬ፣ የሞተው እሱ ነው። እኔን ለምን ትቀብረኛለህ?»

ጠቅልላ እናቷ ጋ ልትገባ ነው። ከናታቸው ጋር ከተፋታን ጀምሮ ሁለቱም እኔ ጋ ነበሩ። አንዱ እንደዚያ ሆነ። አሁን ደግሞ እሷ? እስከ ኅዳር መጨረሻ ልትታገሰኝ ነው። ፈተና ስላለባት እንጂ ለኔ ብላ አይደለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ። ጠዋት ተቀምጬ እያለ እግሬ ላላ። ሳላዘው፣ በራሱ ጊዜ። ከዚያ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰና አለቀስኩ። ተንሰቅስቄ። እስከ ዛሬ በዓይኔ የሚመጣው ያ የተጨማደደ መኪና ብቻ ነበር። ዛሬ ልጁ ራሱ መጣ። ሻወር ውስጥ ገብቶ ሲያንጎራጉር፣ ዜማውን ሲያበላሽ... አምላኬ፣ ለካ ድምፁን አልረሳሁትም!

ከሰዓት አማካሪዋ ላይ ጮኽኩባት። «ሊሻለኝ መጣሁ፣ ጭራሽ ባሰብኝ!» አስጨረሰችኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ለልጅዎ አልቅሰውለት ያውቃሉ?» አለችኝ። አሰብኩ። ቀብሩ ላይ ወንበር አስመጣ፣ ሰው አስተናግድ ነበር። እናቱን እደግፍ ነበር። ከዚያ በኋላማ ሥራዬ የቀረችኝን መጠበቅ ሆነ። አላለቀስኩም። አንድም ቀን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

መኪናዬን መለሱልኝ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ። ሁለቱንም እግሬን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። በርሜሉ ሲቀርብ ቀኝ እግሬ ሲነሳ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት! «ፈራሁ» አልኩ በሆዴ፣ መለስኩት። በርሜሉን ገጨችውና ዞራ አፈጠጠችብኝ። «ጋሼ፣ ምነው ዛሬ መኪናው አልቆመም?» «አቁሚው እንጂ! ፍሬኑ እኮ አንቺም ጋ አለ» አልኳት። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። በሁለተኛው ዙር ራሷ ያዘችው። ትንሽ ጨከን አድርጋ፣ ግን ራሷ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ልጄ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስታጣጥፍ አየሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ከምሳ በኋላ ጓደኛዋ ጋ ልትሄድ ተነሳች። በሩ ላይ ቆመች፤ ጥያቄዬን መጠበቋ ነው። «ደህና ዋዪ» አልኳት። አየችኝ። ሄደች።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። ፍርሃቱ መጣ። እጄ ወደ ስልኩ ሲሄድ አየሁት፣ መለስኩት። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ መለስኩት። ቀላል እንዳይመስል... አላበኝ። ቆይቶ ፍርሃቱ ሲደክም ከኋላው ሐዘኑ ብቅ አለ። በር አልዘጋሁበትም። ልጄ ናፈቀኝ። ሌላ ምንም አይደለም፣ ልጄ ናፈቀኝ።

ሳይመሽ በሩ በኃይል ተከፈተ። እያለከለከች ነው። «አባዬ! ምነው አልደወልክም? ምን ሆነህ ነው? እየሮጥኩ ነው የመጣሁት» አለች። ዓይኔን አየችው። «አሞህ ነው?»

«አላመመኝም። ለወንድምሽ እያለቀስኩ ነው።»

ቦርሳዋን እንደያዘች አጠገቤ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ አልቅሼለት አላውቅም» አለች። «አንተ እንደዚያ ስትፈራ፣ እኔም ካለቀስኩ የምታብድ መሰለኝ።»

ከዚያ አለቀሰች። እንደ ሕፃን፣ አፏን ከፍታ። አይዞሽ፣ በቃሽ አላልኳትም። አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ። እናቷ ጋ ትሄድ ይሆን? አልጠየቅኳትም። ሻንጣው ጥግ ላይ እንደተዘጋ ነው።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ቀና አለች።

«አባዬ... ነገም እንደዚህ እናልቅስ?»

«እናልቅስ» አልኳት።