እሑድ የሚመሰከረው ውሸቴ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ዘሪሁን፣

ከነብርቱካን፣ ከነልጃችሁ እንዴት ከርማችኋል? ያ ወገብህስ ተሻለህ? ሱቁስ እንዴት ይዞሃል? እኛ በጌታ ምሕረት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፣ ውሸት በቅቶኛል።

ነገሩ የወንድማችን የናቲ ነው። ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ዳንስሆል የሚባል ዘፈን እንዲነሣበት አይፈልግም። ዐሥር ዓመት የለፋባቸውን ዘፈኖች ከኢንተርኔት በገዛ እጁ አጠፋ። እሱ ቢያጠፋ ሐዋሳ መች ተወችው! ከአዲስ ከተማ እስከ አሞራ ገደል ባጃጁ ሁሉ የሱን «ምሳህ ቀዘቀዘ»ን ይከፍታል። ሲዳምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ የሚዘፍኑት የአሁኖቹ ልጆችም መንገዱን የጠረገልን እሱ ነው ይላሉ።

ያን ዘፈን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በነበረው ቤታችን ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ሲቀርጽ እማዬ በሩን ከፍታ «ናቲዬ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» ያለችው ትዝ ይልሃል? ስቱዲዮ ሲገባ ቃሉን ሌላ ሴት አለችለት። የእማዬ ድምፅ ያለበት የመጀመሪያው ቅጂ እኔ ጋ ባስቀመጠው ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ካረፈች ሁለት ዓመቷ፣ ሌላ ድምፅዋ የተቀዳበት የለንም።

ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሃርድ ዲስኩን ስጪኝ፣ እሑድ ጉባኤው ፊት ልሰብረው ነው አለኝ። የእማዬን እንኳ እናስቀር ብዬ ለመንኩት። ትንሽ ካስቀረሁ ልቤም እዚያው ይቀራል አለ። ጨነቀኝና ተበላሽቷል፣ አይከፈትም አልኩት። ይቆጣል ስል ተንበርክኮ አለቀሰ። «ሊዱ፣ እኔ ሳልነካው ጌታ ራሱ አጠፋልኝ» አለኝ። አሁን የፊታችን እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ይህንኑ እንደ ተአምር ሊመሰክር ነው፤ ፓስተሩም ሰምቶ ደስ ብሎታል። እኔ ደግሞ ከመዘምራኑ ጋር ከኋላው ቆሜ ሃሌሉያ ልል!

ጎረቤታችን ጠሀ ነገ ጧት ወደ እናንተ መንገድ ይጀምራል። ሃርድ ዲስኩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰጥቼዋለሁ። መኪናው እንደተነሣ ናቲ ጋ ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ። ቀድሞ ከእጄ ካልወጣ፣ ሲያለቅስ ሳየው እንደምሰጠው ራሴን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ እህቴ ላይለኝ ይችላል። ሲደርስህ ብቻህን ስማው፣ በስልክ ግን እንዳታሰማኝ። ናቲ ይቅር ካለኝ ከሱ ጋር እሰማዋለሁ።

ብርቱካንን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፣ ኦሊያድንም ጉንጩን። አክስታችን አለምነሽ ሰላም ብላሃለች። ናቲም ሰላም ብሎሃል፤ ይህን መጻፌን ግን አያውቅም።

እህትህ ሊዲያ
ሐዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.