ሳይከፈት የሚታወቅ

አምቦ፣ መጋቢት 1981 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለኤጄታ፣

አከም ጅርታ? የሰሜኑ ቁር እንዴት ያደርግሃል? እኛ ጌታ ይመስገን በጤና አለን። ጊደርህም የበኩር ጥጃዋን ወልዳለች።

እኔ ዘንድሮም ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰኞ ዕለት ተማሪዎቼ ከሁሉቃ ወንዝ ድንጋይ ለቅመው መጡና መዘንነው፤ ውሃ ውስጥ ከተንም መጠኑን ለካን። ድንጋዩ በመጠን ከሚተካከለው ውሃ ሦስት እጥፍ ሊከብድ ትንሽ ቀረው። «መሬት በሙሉዋ ግን አምስት እጥፍ ተኩል ትከብዳለች፤ ስለዚህ ውስጧ ከድንጋይ የከበደ ነገር አለ፣ ብረት ነው» አልኳቸው። አንዷ፣ «ቲቸር፣ ማን ቆፍሮ አየው?» አለችኝ። «መጠኑንና ክብደቱን ካወቅሽ መቆፈር ምን ያደርጋል!» ብዬ ኮራሁባት። ቤት ገብቼም ለእማዬ አወራሁላት፤ ሳቀች።

የቆርቆሮ ሳጥንህን ከጦር ክፍልህ የመጣ ሰው አድርሶልናል። ደብዳቤ አልያዘም፤ ሻይ ብንለው እንቢ ብሎ ዓይናችንን ሳያይ ሄደ። አባባ ጓጉንቸሩን ሊሰብሩ መዶሻ ቢያነሱ፣ እማዬ «የልጄን ሳጥን ልጄ ይክፈተው» ብላ እጃቸውን ያዘች። አሁን አልጋዋ ሥር ነው። ትናንት ስትጠርግ ከፍ አደረግሁላት። አንተ ስትሄድ ለሁለት የተሸከምነው ሳጥን በአንድ እጄ ተነሳ።

እማዬ መጥረጊያውን እንደያዘች፣ «አንቺ ሳይቆፈር የምታውቂው፣ ምን ያለበት ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ሳይከፈትማ በምን ይታወቃል» አልኳት።

ቁልፉ አንተው ጋ ነው። ይዘኸው እስክትመጣ ጌታ በክንፉ ይጋርድህ።

እህትህ አስካለች