የኸርበርት ኤልም

ጃንዋሪ 6

ሠላሳ ስምንት ዲግሪ። ከጎዳናችን የኤልም ዛፎች ጥላ ውጪ መራመድ አይቻልም። የተከሏቸውን ነፍስ ይማር። ጠዋት ጽጌረዳዎቼ መሃል የበቀሉትን የኤልም ቡቃያዎች ቆራርጬ ጉቶአቸውን የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ቀባሁ። በየዓመቱ በአጥር ሥር ሾልከው ይመጣሉ፣ አይታክታቸው! ዘንድሮ ግን ተገላገልኩ።

ጃንዋሪ 11

ጎረቤቴ ክላሪ አጥሬን ተደግፈው ሲያሾፉብኝ ዋሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ምላሳቸው ግን የሃያ።

"ግሌኒስ፣ ይቺን የቻይና ኤልም ምን ብለሽ ተከልሻት?"

"በሽታ አይደፍራትማ!"

"ጥላስ? ለድመት ነው የምትበቃው።"

ከዚያ ኸርበርትን ሊያጠጡ ሄዱ። ጎዳናው ላይ ዘጠና የሆላንድ ኤልም አለ፣ በዓለም ጦርነት ለዘመቱ ዘጠና የሰፈሩ ልጆች መታሰቢያ። የአጎታቸው የኸርበርት ዛፍ ደጃፌ ላይ ነው። ሬሳው ፈረንሳይ ቀርቶ አልተገኘም... ክላሪ መቃብሩ ይሄ ነው ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ባልዲ ውሃ።

ጃንዋሪ 24

የኸርበርት ዛፍ በእኔ በኩል አንድ ትልቅ ቅርንጫፉ ቢጫ ሆኗል። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ጥንዚዛ ይሆን? ጥንዚዛማ ቅጠሉን ወንፊት ነው የሚያደርገው፣ ይሄ አንድ ቀዳዳ የለውም። ክላሪ አይተው ሳያሾፉ ሄዱ። እሳቸው ማሾፍ ሲተዉ ነው የምፈራው።

ጃንዋሪ 27

ከማዘጋጃ ቤት የዛፍ ባለሙያ መጣች፣ ቪቭ የምትባል ልጅ። ቅርንጫፍ ቆርጣ ልጡን ላጠች፣ ውስጡን አገላብጣ አየች።

"ነው አላልኩም... ግን የኤልም ገዳዩ በሽታ ሊሆን ይችላል።"

ያ የአውሮፓን ኤልም የጨረሰው! እዚህ አገር እኮ ገብቶ አያውቅም። ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች ሥር ከመሬት በታች ስለሚጋጠም አንዱ የያዘው ለሌላው ይተርፋል አለች።

ክላሪ፣ "ስንቱ ይቆረጣል?"

"ከሆነ... መጀመሪያ አሥሩ። ከዚያ ምናልባት ሁሉም።"

ናሙናውን ሜልበርን ወሰደችው። ሁለት ሳምንት ጠብቁ ተባልን።

ጃንዋሪ 28

"ሥራቸው ይጋጠማል" ያለችው ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። እነዚያ ቡቃያዎች ከማን ሥር ነው የበቀሉት? ከኸርበርት! እና መድኃኒቱን የቀባሁት ማንን ነው?

ወይኔ ጉዴ!

ጃንዋሪ 29

ልናገር? ውጤቱ እስኪመጣ ዝም ልበል? ማን ያውቅብኛል?... በመስኮት ሳይ ክላሪ ግንዱ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ቆመዋል። አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

"ክላሪ፣ በሽታ አይመስለኝም። እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገርኳቸው።

"አንቺ የማትረቢ!" አሉኝ። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። "በሽታ ካልሆነ ሌሎቹ ይተርፋሉ ማለት ነው።"

"ኸርበርትስ?"

"እሱን እንጃ።"

አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ደህና ዋይ ሳይሉኝ ሄዱ። ለቪቭም ደውዬ ተናዘዝኩ።

ፌብሩዋሪ 8

ቪቭ ደወለች። ናሙናው ንጹሕ ነው! በሽታ የለም! "እርስዎ ባይነግሩን ምክንያቱን ስንፈልግ የዛፉን ዙሪያ ሁሉ በቆፈርነው ነበር" አለችኝ። አልተቆጣችም እኮ... የታመመውን ቅርንጫፍ ይቆርጡታል፣ ሥሩ በደንብ ይጠጣል፣ ከዚያ የፈጣሪ ሥራ ነው። አጠጪዋ እኔ ነኝ አልኩ። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን።

ማርች 2

በየሁለት ቀኑ ስምንት ባልዲ። ወገቤ! ክላሪ ሲያልፉ "አሁን ደግሞ በውሃ ልትገድዪው ነው?" አሉኝ። ከወር በላይ ዘግተውኝ ነበር። ስድብም ቢሆን አናገሩኝ፣ ምን እፈልጋለሁ።

ኤፕሪል 25

የዘማቾቹ መታሰቢያ ቀን። ኸርበርት አንድ ጎኑ ቢጎድልም ቆሟል፤ የዚህ አገር መኸር ገብቶ ቅጠሉ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ቢጫ እየሆነ ነው። የጤና ቢጫ። ቪቭ ይተርፋል ብላለች።

እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየዛፉ ሥር ቆመ። እኔ ባሌን ተከትዬ የመጣሁ ባዳ ነኝ፣ ዘማች የለኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምቆመው ከዳር ነው። ዛሬም እዚያው ቆሜ ሳለ ክላሪ በሰው ሁሉ ፊት ጮኹ።

"አንቺ ሴትዮ! እዚያ ምን ይገትርሻል? ነይ እዚህ!"

"እኔ እኮ ዘመድ አይደለሁም..."

"ልትገድዪው ደርሰሽ፣ መልሰሽ እያለቀስሽ ያስታመምሽው አንቺ። ከዘመድ ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።