የአባባ ጎጆ ለምን ፈረሰ

ሰኔ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.
ሁሩሙ አጠገብ፣ «አዲስ ሕይወት» ካላችሁት መንደር

ውድ ወንድሜ ነመራ፣

ጤናህን ጠይቄ፣ የእማዬን ሰላምታ አድርሼ ብጀምር ደግ ነበር። ግን ተናድጃለሁ፤ ሰላምታው ይቆየን።

ወረቀትህ ደርሶኛል። ባለ ሱቁ ሙሐዲን ከመቱ ጨው ይዞ ሲመለስ ጠርቶ ሰጠኝ። በታይፕ የተመታ አሥራ ሁለት ገጽ፣ «የመንደራችን ታሪክ» የሚል። አብራው የመጣችው ቁራጭ ደብዳቤህ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «እትዬ ዓያንቱ፣ ለበዓሉ ሊታተም ነው። እውነት ለመሆኑ አንድ የአገር አዛውንት መመስከር ስላለበት እማዬን መጨረሻው ገጽ ላይ አስፈርሚልኝ።» ማስፈረም ስትል አውራ ጣቷን ነው። ብዕር እንደማትይዝ ታውቃለህ።

ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ተቀምጠን አነበብኩላት። «ከመንደር ምሥረታው በፊት ሕዝቡ በየጫካው ተበታትኖ፣ ያለ መንደርና ያለ ታሪክ ይኖር ነበር» ይላል። አንተ ነህ ይህን የጻፍከው? ስምንተኛ ክፍል ሳለህ በቀይ እስክሪብቶ ደብተር ሙሉ የጻፍከውስ ምን ነበር? አባባን እግር በእግር እየተከተልክ «ይህ የቀረሮ ዛፍ የማነው? መጀመሪያ ቀፎ የሰቀለበት ማነው?» ስትለው፣ እሱም ሳይሰለች ሲመልስልህ እኔ አልነበርኩም? አገራችን ቡርቃ ጎንፋ፣ የጎንፋ ምንጭ፣ የተባለው ምንጩን ያገኘው ቅድመ አያታችን ጎንፋ ስለሆነ ነው ብለህ ጽፈሃል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ዛፍ ማር ተጣልተው ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው፣ ዛፉ የእርቅ ዛፍ ተብሎ ማሩ ለመንገደኛ መተዉንም ጽፈሃል። ያንን ማር ስንሰርቅ ንብ ዓይንህን ነድፋህ ለእማዬ «ወድቄ ነው» አልካት። ያን ጊዜም መዋሸት አትችልበትም ነበር።

ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አንድ መስመር ልዘል ነበር። እማዬ «አንብቢ እንጂ!» አለችኝ። አነበብኩት፦ «ጓድ ኩመራ ጎጆአቸውን በገዛ እጃቸው ቀድመው በማፍረስ ለጎረቤቶቻቸው አርአያ ሆነዋል።»

ነመራ፣ ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አባባ በገዛ እጁ ማፍረሱ እውነት ነው። ለምን እንዳፈረሰ ግን አልጠየቅህም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት ለአንተ አዝኜ ነበር፤ አሁን ግን ማዘኑ ይብቃኝ።

መጋቢት 1978፣ ከፋሲካ በፊት አፍርሱ የተባለ ሰሞን፣ ጎረቤታችን ፉፋ ወደ ቤታችን መጣ። ወንዶቹ ሁሉ መክረው ነበር።

«አባ ነመራ፣» አለው። ሰው ሁሉ አባባን በአንተ ስም እንደሚጠራው ታውቃለህ። «ሁላችንም በአንድ አፍ ክረምቱ ይለፍ ብንላቸው ምን ያደርጉናል? አዲሱ ቦታ ላይ እኮ ገና ሣር የለበሰ ቤት የለም!»

አባባ የቡና ሲኒውን አስቀመጠ። ከዚያ «ልጄ የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ ውስጥ ነው» አለ። «የአባቱ ጎጆ ቆሞ ከተገኘ አስቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። ይቅር በለኝ ፉፋ።»

ፉፋ ቡናውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት አባባ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣሩን እየነቀለ ወረወረ። እሱን ያዩ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ማፍረስ ጀመሩ። አርአያ ያልከው ይህንን ነው። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ጣሪያ በሌለው አዲስ ቤት አሥራ አንድ ቀን ቁርበት ወጥረን ሰነበትን፤ እሱ ከዳር ተኝቶ እኛን ወደ ውስጥ አስገባን። ያኔ የያዘው ሳል ግንቦት ላይ ገደለው። በሠልስቱ በቢሮ መኪና መጥተህ «ምን ነካው?» ስትለኝ «ብርድ» አልኩህ። እውነቱን ያኔ አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው።

አሁን የጎንፋ ምንጭ የአንድ ሰዓት መንገድ ሆኗል። ቡናችንን ዝንጀሮ ይለቅመዋል። ፉፋ እስከ ዛሬ እማዬን በሩቁ ሰላም ብሎ ያልፋል እንጂ ቤታችን አይገባም። ይህን ከመቱ ሆነህ እንዴት ታየዋለህ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

አንብቤ ስጨርስ እማዬ አላለቀሰችም። «የመጨረሻው ገጽ ጀርባው ባዶ ነው?» አለችኝ።

«ባዶ ነው።»

«እንግዲያስ ጻፊ።»

ጻፍኩ። እንዲህ አለች፦ «እኔ ዲንቄ፣ የኩመራ ሚስት ነኝ። ባሌ ጎጆውን ያፈረሰው አዲስ መንደር አምሮት አይደለም። ለልጁ ፈርቶ ነው። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አባትህን አርአያ አትበለው። አባቴ ነው በለው።»

የገበሬ ማኅበሩን የማኅተም ቀለም አልለመንኩም። ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት በቅቤ ለውሳ አውራ ጣቷን ጫነችበት።

ወረቀቱን በሙሐዲን እጅ መልሼልሃለሁ። ጣት የጠየቅህበት ቦታ ባዶ ነው፤ ጣቷ ከጀርባው ነው። ጣቷን ካስገባህ ቃሏም አብሮ ይገባል። እንደገና አስመትተህ ያለ እሷ ልታሳትመው ትችላለህ፣ ከልካይ የለህም። ያኔ ግን እናቴ መስክራለች እንዳትል።

ያ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍክበት ደብተርህ እኛ ዘንድ ነው። ጎጆው ሲፈርስ አባባ መጀመሪያ ያወጣው እሱን ነበር፤ ከቀፎዎቹም፣ ከአልጋውም በፊት። ከፈለግኸው በቢሮ መኪና አትምጣ። በእግርህ፣ በእርቁ ዛፍ በኩል ና። መጀመሪያ ፉፋ ቤት ግባና ጎጆው ለምን እንደፈረሰ፣ እሱ ቢያውቀውም፣ በራስህ አፍ ንገረው።

እማዬ በየቀኑ «ይመጣል?» ትለኛለች። እኔ እንጃ እላታለሁ።

ገና ያልታረቀችህ እህትህ፣
ዓያንቱ ኩመራ