ሳያነብ «እሺ» ለሚለው ወንድሜ

አንተ ሊቁ፣

ለሐሞት ጠጠሩ ሆስፒታል ልገባ ነው፤ ታክሲው በር ላይ ቆሟል። ዛሬ መሆኑን ደጋግሜ ነግሬህ ነበር። ዓይንህን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «እሺ» ብለሃል።

ሾርባ ድስቱ ውስጥ አለ። ስታሞቅ ምድጃውን ማጥፋት እንዳትረሳ።

ትናንት ከኋላህ ቆሜ ሳይህ ነበር። የሠራኸውን ፕሮግራም ትከፍታለህ፣ «መዝግብ» የሚለውን ትጫናለህ፣ ስክሪኑ ላይ ስሕተቱን የሚናገር ጽሑፍ ያለበት ሳጥን ብቅ ይላል። ሳታነበው «እሺ» ብለህ ታጠፋዋለህ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ የማታውቃቸውን ሰዎች «እባካችሁ፣ ፕሮግራሜ አልሠራ አለኝ» ብለህ ትለማመጣለህ። «ምን የሚል ጽሑፍ አወጣ?» ሲሉህ «እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ አይሠራም»። አታፍርም? እኔ ደጄን ባንኳኳ ለማኝ ላይ እንኳ ምን እንደሚል ሳልሰማ በር አልዘጋም።

ባለፈው በጎረቤታችን ሴትዮ ፊት ደደብ ብዬሃለሁ፤ ያው ነህ። ግን እሷ ፊት መሆን አልነበረበትም።

እኔንም እንደ ሳጥኑ ነው የምታደርገኝ። ገና አፌን ስከፍት «እሺ እህቴ»፣ ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ይህችን ግን እስከ መጨረሻው አንብባት። ቤተሰብ መጥቶ ካልፈረመ ቀዶ ጥገናውን አይሠሩልኝም። የሰጠሁት ያንተን ስም ነው፤ ሌላማ ማን አለኝ። መታወቂያህን ይዘህ ከምሳ ሰዓት በፊት ድረስ። የሴቶችን ክፍል ጠይቅ።

ስትመጣ «እሺ» እንዳትለኝ። ምን እንዳልኩህ ንገረኝ።

እህትህ