ሰልፍ ሲቆጥሩ የኖሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከአባታቸው ከዳቦ ጋጋሪውና ዳቦውን በመስኮት ከሚሸጡት እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። ቁጥር የተማሩት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ነው። አያታችን ሁለተኛውን ዙር ከመጋገራቸው በፊት ደጅ የቆመውን ሰው ቆጥረው እንዲመጡ ይልኳቸው ነበር። አንድ ሰው ቢሳሳቱ አንድ ዳቦ ያድራል፣ ወይም አንድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህንን ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ቀላል አላዩትም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ በንብረት አያያዝ የሁለት ዓመት ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ የችርቻሮ መደብር ረዳት የመጋዘን ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. የአቅርቦት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ሥራቸውም ከዋናው መጋዘን የሚመጣውን ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ዱቄት ለአምስት ቅርንጫፎች ማከፋፈል ነበር። ዕቃ እንደልብ የማይገኝበት ዘመን ስለነበር በየበሩ ሰልፍ አይጠፋም።

በ1975 ዓ.ም. የዚያው መደብር ገንዘብ ተቀባይ የነበሩትን እናታችንን አገቡ። እናታችን ሲያጫውቱን፣ አባታችን ለጋብቻ የጠየቋቸው «ከፊቴ የቆመ ሰው ካለ ንገሪኝ፣ በከንቱ አልጠብቅ» ብለው ነበር። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ይህንን የምጽፈው የበኩር ልጃቸው ነኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ ወንድሜና ታናሽ እህታችን አሉ።

አባታችን በሥራቸው የሚታወቁበት አንድ ልማድ ነበራቸው። ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ይቆጥራሉ። ዕቃው ስንት ሰው ጋ እንደሚያልቅ ያሰላሉ። ከዚያ ዕቃው ከሚደርሰው ከመጨረሻው ሰው ኋላ ሄደው ይቆሙና ከጀርባቸው ላሉት፣ «እናንተ ዛሬ አይደርሳችሁም፤ ፀሐይ አይብላችሁ፣ ሂዱና ሥራችሁን ሥሩ» ይላሉ። ለነገ እንዲቀድሙ ስማቸውን በደብተር ይጽፉላቸዋል። ሌሎች ኃላፊዎች ሰውን እስከ ማታ አቁመው «አልቋል» ሲሉ፣ እሳቸው ግን የሰው ቀን ከንቱ እንዲቀር አይፈልጉም ነበር። ምስጋና አላተረፉበትም። ሰው ክፉ እውነት ከሚነግረው ይልቅ በተስፋ የሚያውለውን ይወዳልና። «አባ አይደርስም» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እኛም ትምህርት ቤት የአይደርስም ልጆች ተባልን። ወንድሜ በሩጫ ውድድር መጨረሻ በወጣ ቀንማ የሰፈሩ ሰው ሲስቅ ዋለ። አባታችንም አብረው ሳቁ።

በ1983 ዓ.ም. አንድ ቀን ግን ተሳሳቱ። ዋናው መጋዘን በስልክ አንድ መኪና ዘይት እንደሚልክ ነገራቸው። ያንን አምነው ዘጠና የሚሆን ሰው ከሰልፉ መለሱ። ረፋዱ ላይ ሁለት መኪና መጣ። የተመለሱት ሰዎች ዘይት ለአላፊ አግዳሚው ተሸጠ። አባታችን ደብተራቸውን ይዘው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ በየቤቱ እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን በዓይናቸው ሳያዩ፣ ጭነቱን በእጃቸው ሳይቆጥሩ አንድም ሰው መልሰው አያውቁም። የዕቃውን ስሌት በዚያ ቀን አረሙት። የሰዉን ስሌት ለማረም ግን ምክንያት አልነበራቸውም። ከዘይት ሰልፍ ማን ወጥቶ ይሄዳል?

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2009 ዓ.ም. እናታችን አረፉ። አባታችን ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ተነስተው በመስኮት የአውቶቡስ ሰልፉን ይቆጥሩና ቁርሳቸውን ይበላሉ።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ትንፋሽ እያጠራቸው መጣ። ሐኪሙ የልባቸው ቫልቭ በቀዶ ሕክምና መቀየር እንዳለበት፣ ያ ካልሆነ ከስድስት ወር እንደማይዘልቁ ነገረን። ሆስፒታሉ በሳምንት ለሦስት ሰው ብቻ ነበር የሚሠራው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስማቸው ሲመዘገብ ሰማንያ ስድስተኛ ሆኑ። ከጎናቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰማንያ ሰባተኛዋ ተቀምጣ ነበር፤ ሁለት ልጆች ያሏት ልብስ ሰፊ።

አባታችን ወረቀት እንኳ አልጠየቁም። ሰማንያ ስድስት ለሦስት ሲካፈል ሃያ ዘጠኝ ሳምንት፤ ስድስት ወር ሃያ ስድስት ሳምንት። «ሦስት ሳምንት ይጎድላል፤ አይደርሰኝም» አሉ። ለማይደርሰኝ ነገር የሰው ቦታ አልይዝም ብለው ስማቸው እንዲሰረዝ ጠየቁ። ወንድሜ «አባባ፣ ስምህ ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል?» እያለ ለመናቸው። እሳቸው ልብስ ሰፊዋን በዓይናቸው አሳዩት። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የአባቴ ስሌት ሲሳሳት ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነበርና አመንኳቸው። የመሰረዣውን ወረቀት ቤተሰብ መፈረም ነበረበት፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዘመዶች ይህ ነገር ከታሪኩ እንዲወጣ መክረውኛል። አላወጣሁትም።

ከአሥራ ስምንት ሳምንት በኋላ በየካቲት ወር ስልክ ተደወለ። ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ቁጥራችንን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከአባታችን ተቀብላ ነበር። በዚያ ሳምንት ተራዋ ደርሶ፣ ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶላት ከአልጋ ተነስታለች። ልታመሰግናቸው ነው የደወለችው። አባታችን ስልኩን እንዳስቀመጡ ሳምንቱን በጣታቸው ቆጠሩ። በአሥራ ስምንት ሳምንት ሃምሳ አራት ሰው ነው የሚሠራለት። ከሰማንያ ስድስቱ ቀሪዎቹ ሠላሳ ሁለቱ የት ሄዱ ብለው ጠየቁኝ። ከመጠየቃቸው በፊት መልሱን ያገኙት ይመስለኛል። ተራቸውን ሲጠብቁ ሞተዋል፤ ወይም ለቀዶ ሕክምና እስከማይበቁ ደክመዋል። «ዘይት ሲጠብቅ የሚሞት ሰው አልነበረም እኮ» አሉ። ስማቸው ባይሰረዝ ኖሮ በልብስ ሰፊዋ ቦታ እሳቸው ይሠራላቸው ነበር፤ ከእሳቸው ኋላ የነበረችው እሷም በሚቀጥለው ተራ ትከተላቸው ነበር። ቦታውን መልቀቃቸው ለእሷ የጠቀማት ቢበዛ ጥቂት ቀን ነው።

በማግስቱ ይዘናቸው ሄድን። እንደ አዲስ ሲመዘገቡ መቶ አራተኛ ሆኑ። ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ፣ አሁን ተራው ቢደርሳቸውም ሰውነታቸው አይችለውም አለን። ወንድሜ በዚያ ኮሪደር ላይ ጮኾ አለቀሰ፤ አባታችን እጁን ይዘው «ና፣ ሰው እየጠበቀ ነው፣ መንገድ አትዝጋ» አሉት።

አባታችን በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። አውቶቡሱ ገና አልመጣም ነበር።

ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ በመካከላችን ከኋላ ተቀምጣለች። ማንም እንዳይቀየማት አባታችን አደራ ብለዋል፤ እኔም አልተቀየምኳትም፤ ዓይኗን ማየት ግን እስካሁን አልቻልኩም። «ተጽናኑ» የሚሉን አሉ፤ እኛ አልተጽናናንም። አባታችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ለማንም ሳይተርፍ ራሳቸውን በላቸው። ይህንን ከማለት የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

የሰው ቀን በከንቱ እንዳያልፍ ሲሉ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከሰልፍ ጭራ ለቆሙት ለአባታችን፣ አምላክ በሩን ይክፈትላቸው። ዛሬ አይደርስዎትም፣ ይመለሱ የሚላቸውም አይግጠማቸው።